ሰልስቱ ከየትኛው ቀን ይቆጠራል

አጎቴ የሞተው ኦፔራ ቤቱ በተከፈተበት ዓመት፣ በኅዳር መጨረሻ ነው። በዚያው ዓመት በሐምሌ፣ በኖርዌይ በጋ፣ እኔና እሱ ሰው እንዲራመድበት በተሠራው የሕንፃው ነጭ ጣሪያ ላይ አይስክሬም እየላስን ስንራመድ ነበር። «የሰው ጣሪያ ላይ ወጥተሽ የማትሰደቢበት አገር» ብሎ ይስቃል። ኅዳር ሲገባ ግን ከአልጋው ተነሥቶ መስኮቱ ድረስ መሄድ አቃተው። ሳንባው ነበር።

ይህን በአማርኛ እየጻፍኩ ነው። ፊደል ያስቆጠረኝ እሱ ስለሆነ በሌላ ቋንቋ ልጽፈው አልፈለግኩም። ቅዳሜ ቅዳሜ አመሩድ ሰፈር እኛ ቤት ድረስ መጥቶ ይወስደኝና በቴባነ፣ በከተማው ባቡር፣ ማዮርስቱን አጠገብ ወዳለው ቤቱ እንሄዳለን። ብርድ ሲሆን የባቡሩ መስኮት በትንፋሽ ይሸፈናል። እዚያ ላይ በጣቱ «ለ» ብሎ ይጽፍና «እግሯ ስንት ነው?» ይለኛል። ያኔ ይሰለቸኝ ነበር። አሁን አሥራ ሰባት ዓመቴ ነው፤ አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ጽፌ መጨረሻው ላይ አራት ነጥብ ሳሳርፍ ደስ ይለኛል፣ የሚያሳዝን ነገር ስጽፍ እንኳ። እሱን ሳስበው አለቅሳለሁ፤ ስለ እሱ ስጽፍ ግን እጄ አልቆም ይለኛል።

እናቴ የሱ ታናሽ እህት ናት፤ «ጋሼ» ነበር የምትለው። እናታቸው የሞተችው እናቴ ገና ትንሽ ልጅ ሳለች ነው፣ ከዚያ በኋላ ያሳደጋት እሱ ነው። ኖርዌይ መጀመሪያ የመጣው እሱ፣ እሷንም ያስመጣት እሱ። አውቶቡስ ነጂ ነበር። ሚስቱ ኖርዌጂያን ናት፤ እኔ «ታንተ» ነው የምላት፣ አክስት እንደማለት። ልጅ የላቸውም። ቅዳሜ ቅዳሜ ልጃቸው እኔ ነበርኩ።

እናቴ የምትሠራው ሲከየም ነው፣ የአረጋውያን መጦሪያ። እዚያ ሰው ሲሞት ነፍሱ እንድትወጣ መስኮት ይከፍታሉ። ሆስፒታል ውስጥ የአጎቴ ትንፋሽ ቀጥ ሲል እናቴ መጀመሪያ የሄደችው ወደ መስኮቱ ነበር። መስኮቱ ግን የማይከፈት ዓይነት ነው። እጀታ ፈልጋ ስታጣ መስታወቱን በሁለት መዳፏ ተደግፋ ቆመች። ጩኸቷን ዋጠችው፣ ኮሪደሩ ላይ ሌሎች በሽተኞች አሉ። እቤት ስንደርስ ነው የለቀቀችው።

በዚያው ቀን ፍራሿን ከአልጋዋ አውርዳ ሳሎን ወለል ላይ አነጠፈችው። ነጠላዋን ዘቀዘቀች። እኛ ዘንድ ሐዘንተኛ መሬት ነው የሚተኛው፤ ሟቹ ተቀብሮ በሦስተኛው ቀን ሰልስት ይወጣል፣ ለቀስተኛው ይሸኛል፣ ያዘነው ሰው ወደ አልጋው ይመለሳል። የጸሎት ቤታችን ፓስተር ፍራሹን አይቶ «እህቴ፣ ይሄ እኮ ባህል ነው፣ ግዴታ የለብሽም» አላት።

«ጴንጤ ነኝ፣ እህትም ነኝ» አለችው። ፓስተሩ ጫማውን አውልቆ ፍራሹ ጠርዝ ላይ አብሯት ተቀመጠ።

በማግሥቱ ከሞርተንሩድ ሰፈር ከተማውን አቋርጠው መጀመሪያ የደረሱት አቦይ ናቸው። አቦይ በትግርኛ አባባ እንደማለት ነው። አስመራ ተወልደው ያደጉ፣ ከአጎቴ ጋር አውቶቡስ የነዱ፣ አሁን ጡረታ የወጡ ሽማግሌ ናቸው። ሙስሊም ናቸው፤ እሳቸውና አጎቴ በሾፌሮች ማረፊያ ክፍል ውስጥ ሃያ ጊዜ ተጣልተው ሃያ ጊዜ የታረቁ ሰዎች ነበሩ። እኔ «አንተ» እያልኩ ነው የማናግራቸው፣ እሳቸውም «ይቺ የኖርዌይ ልጅ፣ እኩያዋ አደረገችኝ» እያሉ ይስቁብኛል። ስጽፍ ግን «እሳቸው» ማለት ቻልኩ። እጅ ከምላስ ይልቅ ጨዋ ነው መሰለኝ።

አቦይ እናቴን አቅፈው እያለቀሱ፣ ሰው ሁሉ እንደሚለው «አፈሩን ገለባ ያድርግለት» አሏት።

«ገና አፈር የለውም፣ አቦይ» አለቻቸው።

ነገሩ የጀመረው እዚያ ጋ ነው። ታንተ በዚያን ቀን ጠዋት ለእናቴ ስልክ ደውላ ስለ ቀብሩ ልናገር ብላ ነበር፤ ወደ ማታ እንደምትመጣ እናውቃለን። እናቴ በልቧ ጠርጥራለች።

እስክትመጣ ድረስ ለቀስተኛው እንደ ወጉ ስለ ሟቹ ይጫወታል። እናቴ ለአቦይ የእሷንና የአጎቴን የልጅነት ነገር አጫወተቻቸው። እናታቸው የሞተች ጊዜ አጎቴ አሥር ዓመት እንኳ አይሞላውም ነበር። ከቀብሩ በኋላ ከወንዝ ድንጋይ እየተሸከመ መቃብሯን ዙሪያውን ከበበው፤ ትልቁ ድንጋይ ራስጌ፣ ትንንሾቹ በጎንና በጎን። ግርጌው ላይ ግን ክፍት ቦታ ተወ። እናቴ «ይሄን ለምን አልዘጋኸውም?» ብላ ጠየቀችው። «እማዬ ስትፈልግ እንድትወጣ» አላት።

«እኔም ሞኝ፣ ስንት ጊዜ እዚያ ክፍቱ ጋ ቁጭ ብዬ ጠብቄያታለሁ» አለች እናቴ። አቦይ አንገታቸውን ደፉ። እኔ ይህን ታሪክ ከዚያ በፊት ሰምቼው አላውቅም ነበር።

ታንተ ስትመጣ ከእናቴ ጋር ወደ ኩሽና ገባን። እኔ መካከላቸው ተቀመጥኩ፣ ላስተረጉም። እናቴ ኖርሽክ፣ የአገሩን ቋንቋ፣ አትችልም ማለት አይደለም። በኖርሽክ ሰው ታጥባለች፣ መድኃኒት ታድላለች፣ ከሐኪም ጋር ትከራከራለች። ስለ ወንድሟ በኖርሽክ ማውራት ግን አልሆንላት አለ። አፏን ትከፍትና ትዘጋዋለች።

ታንተ እጆቿን ጠረጴዛው ላይ አጋጥማ ቀስ ብላ ተናገረች። እናቴ እንድተረጉምላት አልጠበቀችም፤ ቃሉን ከሥራዋ ታውቀዋለች።

«ሊቃጠል ነው?» አለችኝ በአማርኛ።

«አዎ፣ ማማ።»

«ማን ፈረደበት?»

ታንተ መልሱን ነገረችኝ፣ እኔም ለእናቴ። የጠየቀው እሱ ራሱ ነው። የታንተ እናትና አባት ከማዮርስቱን ትንሽ ከፍ ብሎ ባለ መቃብር ውስጥ ናቸው፤ ቦታው ጠባብ ስለሆነ ሣጥን አያስገባም። የእነሱም ኡርነ ነው ያለው፣ አመዱ የሚገባበት ክዳን ያለው ዕቃ። ታንተም ስትሞት እዚያው ነው የምትገባው። አጎቴ እሷ ያለችበት ልሁን ብሏል።

«ለኔ ያልነገረኝን ለሷ ነገራት?»

«ሚስቱ እኮ ናት።»

«እኔስ ማን ነኝ? በጀርባው አዝሎ ያሳደገኝ እኮ ነው። ይሄ ሰው ከእሳት ውስጥ ነው ሮጦ የመጣ። ከጦርነት ያወጣውን ገላ አሁን እኛ በእጃችን እሳት ውስጥ ልንከተው ነው?» ትንፋሿን ወሰደችና «ተርጉሚው፣ አንድ ቃል እንዳታስቀሪ» አለችኝ።

አንድም ቃል ሳላስቀር ተረጎምኩት። ታንተ ፊቷ ቀላ። «ሌላ ቦታ እንግዛ፣ አንተ በሣጥን ተቀበር፣ እኔ በኋላ አመዴ እላይህ ይገባል ብዬው ነበር» አለች። «እሱ ግን ቦታዬን አዘጋጅቻለሁ አለኝ። ቦታዬን አዘጋጅቻለሁ። እንዲህ ነው ያለው። በሕጉ የምወስነው እኔ ነኝ፣ ግን እናትሽ ያ ካላለች አላደርገውም። ንገሪያት።»

ኖርሽኮች አዎ ሲሉ «ያ»፣ አይ ሲሉ «ኔይ» ነው የሚሉት። እናቴ ይህንንም ሳልተረጉምላት ገባት።

«ታዲያ አላልኩም» አለች።

በማግሥቱ ፓስተሩ ሊያባብላት ሞከረ። እግዚአብሔር ከአፈርም፣ ከባሕርም፣ ከአመድም ማስነሣት ይችላል አላት።

«እሱማ ይችላል። እኔ ነኝ የማልችለው።»

ታንተ ደግሞ ማታ ማታ እየመጣች ኩሽና ትቀመጥ ነበር። ከሁለቱ ማንም ስለ ነገሩ አያነሣም። አንድ ቀን እናቴ ሻይ እየቀዳች፣ ጀርባዋን እንዳዞረች «አንድ ነገር ጠይቂልኝ» አለችኝ። «ሰልስቱን ከየትኛው ቀን ነው የምቆጥረው? ከሞተበት ቀን እንዳልቆጥር አልተቀበረም። ከሚቃጠልበት ቀን እንዳልቆጥር ማቃጠል ቀብር አይደለም። አመዱ መሬት የሚገባው ደግሞ በረዶው ሲለቅ ነው ትላለች። ታዲያ እኔ መቼ ነው ከዚህ መሬት የምነሣው?»

ለሰልስት በኖርሽክ ቃል ስላጣሁለት ታንተን ወደ ሳሎን ወስጄ ፍራሹን አሳየኋት፣ ነገሩን አስረዳኋት። ታንተ እስከዚያ ቀን ድረስ ፍራሹ ለእንግዳ የተነጠፈ መስሏት ነበር።

«የምጠብቀው እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር» አለች። ከዚያ «እናትሽ ቦታውን አይታው አታውቅም። እንሂድ፣ ትየው። አሁንም ኔይ ካለች ኔይ ነው» አለች።

እናቴ ልሂድ አትልም ብዬ ነበር፤ ሄደች። ምናልባት ወንድሟ ሊገባበት የታሰበውን ጉድጓድ አይታ ልትጠላው ፈልጋ ይሆናል። ከማዮርስቱን ወጥተን በእግራችን አቀናን። የዓመቱ የመጀመሪያ በረዶ ጥሎ ነበር፣ ቀጭን፣ እንደ ዱቄት። መቃብሮቹ መካከል የሚሄድ ሰው የለም። እኔ ቦታውን አውቀዋለሁ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ አጎቴና ታንተ በልግ ላይ አበባ ሊተክሉ፣ ለገና ሻማ ሊያበሩ ሲሄዱ አብሬ እሄድ ነበር። እነሱ ሲጎነበሱ እኔ የሙዚቃ ማዳመጫዬን ጆሮዬ ውስጥ ከትቼ አግዳሚው ላይ እቀመጣለሁ። ምን እንደሚሠሩ አይቼ አላውቅም።

ድንጋዩ ትንሽ ነው፣ የታንተ እናትና አባት ስም ተቀርጾበታል። ከሥሩ ስም መጻፊያ ባዶ ቦታ አለ። እናቴ ባዶውን አየችውና ፊቷን አዞረች። ስታዞር እግሯ አንድ ነገር መታ። ጎንበስ አለች።

በጓንቷ በረዶውን ጠረገችው። ድንጋይ ነው፣ ጭብጥ የሚያህል፣ ድቡልቡል። አጠገቡ ሌላ አለ። ያንንም ጠረገችው። እንዲህ እያለች አንድ በአንድ፣ በጉልበቷ ልትሄድ ምንም ያህል ሳይቀራት፣ ዙሪያውን ጠረገች። ራስጌው ላይ ያለው ትልቅ ነው። በጎንና በጎን ያሉት ትንንሾች ናቸው። ግርጌው ጋ ስትደርስ እጇ ባዶ ሣር አገኘ። ወዲያና ወዲህ ዳበሰች። ድንጋይ የለም። ትንሽ አለፍ ብሎ እንደገና ይጀምራል።

«ከባሕሩ ዳርቻ ነው እየለቀመ ያመጣቸው» አለች ታንተ። «ሁለት በጋ ፈጀበት። እዚያ ጋ ድንጋይ አልቆበት ነው፣ ሙላው እለዋለሁ፣ እሺ ይለኛል፣ አይሞላውም።»

አፌን ከፈትኩ። እናቴ ክንዴን ያዘችኝ።

«ተይ» አለችኝ። «እንዳትነግሪያት። ይሄ የኔ ነው።»

ተንበርክካ ቀረች። ለሌላ ሰው እናትና አባት፣ በሌላ አገር፣ ያንኑ በር ትቶላቸው ነበር። ለራሱም። እናቴ ክፍቱ ጋ እጇን አሳርፋ «ቤቱን ሠርቶ ጨርሷል እኮ» አለች፣ ለማን እንደሆነ እንጃ። ከዚያ ተነሥታ ጉልበቷን አራገፈች፣ ወደ ታንተ ዞረችና ራሷ፣ ያለ እኔ፣ «ያ» አለቻት።

ታንተ ለምን እንደሆነ አልገባትም። አልጠየቀችም። እያለቀሰች ብዙ ጊዜ አመሰገነቻት።

ስንብቱ የሚደረግበት ጸሎት ቤት በጥቁር ልብስ ሞላ። በግራ የታንተ ዘመዶች፣ በቀኝ እኛ፤ ከኋላ የአውቶቡስ ሾፌሮች ዩኒፎርማቸውን እንደለበሱ። ኦርጋን ተነፋ፣ ፓስተሩ በሁለቱም ቋንቋ ጸለየ፣ የታንተ ዘመዶች አበባቸውን ሣጥኑ ላይ እያስቀመጡ በዝምታ ወጡ። እኛም ወጣን። በሩ ከኋላችን ተዘጋ።

የታንተ ዘመዶች ውጪ እየተቃቀፉ ወደ መኪናቸው ሄዱ። የእኛ ሰዎች አልሄዱም። ወንዶቹ ከበሩ ግራና ቀኝ በሁለት ረድፍ ተሰለፉ፣ ቆባቸውን አወለቁ፣ ጓንታቸውን ወደ ኪሳቸው ከተቱ። ማንም አላዘዛቸውም። ሴቶቹ ከኋላ ቆሙ። በረዶ ይጥላል። ሁሉም በሩን ያያል።

ታንተ ወደኔ መጣች። «ምን እየጠበቁ ነው?»

«እሱን» አልኳት።

ሣጥኑ ሲወጣ ሊሸከሙት ነው። ሊሸኙት ነው። ሬሳ ውስጥ ትቶ ወደ ቤቱ የሚሄድ ሰው እኛ ዘንድ የለም። ሣጥኑ ግን አይወጣም፤ ከዚያው ከውስጥ ወደ ማቃጠያው ነው የሚወሰደው። ይህን ሁሉም ያውቅ ነበር፣ ቀደም ብሎ ተነግሯቸዋል። እግራቸው ነው እምቢ ያለው። አቦይ መጀመሪያው ላይ ናቸው፣ የሚያማቸውን ጉልበት ቀጥ አድርገው፣ ራሰ በራቸው ላይ በረዶ እየተቀመጠ።

ሄጄ «አቦይ፣ አይወጣም እኮ» አልኳቸው።

«አውቃለሁ፣ ልጄ።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ እንቆማለን። እስኪያቅተን።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «በኔ ሃይማኖትም እንዲህ አይደረግም። እኔ ግን የመጣሁት ለሱ ነው እንጂ ለእሳቱ አይደለም» አሉኝ።

ታንተ የተባባልነውን ሁሉ እንድነግራት ጠየቀችኝ፣ ነገርኳት። በሩን አንኳኳች። ጥቁር ካፖርት የለበሰች የጸሎት ቤቱ ሠራተኛ ከፈተችላት፤ ተነጋገሩ። ታንተ ወደ ውስጥ በእጇ እያመለከተች ትናገራለች፣ ሴትዮዋ ታዳምጣለች። ከዚያ ሁለቱንም የበሩን ክንፎች ወለል አድርጋ ከፈተቻቸው።

«ግቡ» አለች ታንተ። በአማርኛ ነው ያለችው።

ሣጥኑ ካለበት እስከ ውስጠኛው በር ብዙ አይርቅም። ስድስት ወንዶች ከመሬት አንሥተው በትከሻቸው አደረጉት። አቦይ ከፊት ናቸው፤ ቁመታቸው አጭር ስለሆነ በዚያ በኩል ሣጥኑ ትንሽ ዘመም አለ፣ እናቴ «ቀና አድርጉት» እያለች ከኋላ ተከተለች። እንደ አገር ቤት በዝግታ ሄዱ፣ በየመሃሉ ቆም እያሉ፣ ያቺን አጭር መንገድ እንዳታልቅባቸው። ውስጠኛው በር ጋ ሲደርሱ አወረዱት። እናቴ መዳፏን ክዳኑ ላይ አሳርፋ «ጋሼ፣ በርታ» አለችው።

በሩ ተዘጋ። አሁን ሰዎቹ ወደ ቤታቸው መሄድ ቻሉ።

እናቴ ግን ወደ አልጋዋ አልተመለሰችም። መሬቱ ደንድኖ ነበር፤ በረዶው ሲለቅ እንጠራችኋለን ተባልን። ገና መጣ፣ ሄደ። እናቴ ጠዋት ጠዋት ወገቧን ይዛ ከፍራሹ እየተነሣች ሲከየም የሰው ወገብ ልታነሣ ትሄዳለች። ነጠላዋን ከክረምት ጃኬቷ ሥር እንደተዘቀዘቀ ነው የምትለብሰው።

«ማማ፣ አልጋሽ ላይ ተኚ። ማንም አያይሽም።»

«እሱን መሬት ሳይቀበለው?»

«ወገብሽ ይቆረጣል።»

«ይቆረጥ።»

በጥር አካባቢ ታንተ ስትመጣ ፍራሹን እዚያው አየችው። ያለቀ መስሏት ነበር። ካፖርቷን እንኳ ሳታወልቅ ፍራሹ ላይ ቁጭ አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰኞ ሰኞ ወደ መቃብሩ ቢሮ እየደወለች «መሬቱ ለቀቀ?» ትል ጀመር። ሰኞ ከትምህርት ቤት ስመለስ መልእክቷ ስልኬ ላይ ይቆየኛል፤ «ገና ነው»። በመጋቢት ቢሮው ውስጥ ያለው ሰውዬ ድምፅዋን ሲሰማ ስሟን ሳትናገር «ገና ነው» ይላት ጀመር።

ሚያዝያ ላይ ለቀቀ።

ያን ቀን ጥቂት ነበርን፤ እናቴ፣ ታንተ፣ አቦይ፣ ፓስተሩና እኔ። ጉድጓዱ ጠባብ ነው፣ ውኃ መቅጃ ባልዲ የሚያህል። የተቆፈረው ከክፍቱ በኩል ስለነበር ድንጋዮቹን ማንም አልነካቸውም። ታንተ ኡርነውን ይዛ መጥታ ለእናቴ ዘረጋችላት። እናቴ በሁለት ክንዷ ተቀብላ ደረቷ ላይ አስጠጋችው፣ ሕፃን እንደሚታቀፍ። ፊቷ ተለዋወጠ።

«እንዴት ቀለልክ፣ ጋሼ» አለችው። «አንተ እኮ ነበርክ የምትሸከመኝ።»

ይህንን ታንተ እንድተረጉምላት አልጠየቀችም። ሁለቱ አንድ ላይ ጎንበስ ብለው አወረዱት። እናቴ ጓንቷን አውልቃ አፈሩን በእጇ መለሰች፤ ቀዝቃዛ፣ ጥቁር፣ እርጥብ አፈር፣ ጥፍሯ ውስጥ እየገባ። ታንተ አየቻትና እሷም ጓንቷን አወለቀች። ሲጨርሱ አቦይ ቀስ ብለው፣ ልክ ዛሬ ገና እንደደረሱ ሁሉ፣ «አፈሩን ገለባ ያድርግለት» አሉ።

«አሜን» አለች እናቴ።

በሦስተኛው ቀን ሰልስት ወጣ። በኅዳር የመጡት ሁሉ አልመጡም፤ ክረምቱ ረዝሞ ብዙው ሰው የአጎቴን ሞት አልፎት ሄዷል። ግን ቤቱ ባዶም አልነበረም። ታንተ ትልቅ ሣህን ሙሉ ቫፈል፣ የኖርዌይ ጣፋጭ ቂጣ፣ ጋግራ መጣች፤ ለሐዘን ቤት ምግብ እንደሚወሰድ ከአቦይ ሰምታለች። ሽማግሌዎቹ ቫፈሉን ከሽሮው ጋር በሉት፣ አቦይ «አይጣላም» አሉ። ፓስተሩ ጸለየ። ሁሉም እናቴን «በቃሽ፣ ተነሽ» እያሉ እየሳሙ ወጡ።

እናቴ ፍራሹን ልታነሣ ጎንበስ ስትል ታንተ «ቁጭ በይ» አለቻት በአማርኛ፣ ለልጅ እንደሚባለው። ታንተ በአንድ ጫፍ እኔ በሌላው ጫፍ ይዘን ወደ መኝታ ክፍሉ ወሰድነው። በኮሪደሩ ጥግ ላይ ተጣመመብን፣ ቆም እያልን በቀስታ አስገባነው። አልጋው ላይ ስናደርገው ከቆይታ ብዛት በሳሎኑ ወለል ቅርጽ የተደፈጠጠ መሰለኝ። አንሶላ አነጠፍን። እናቴ በቀን ብርሃን፣ ልብሷን እንደለበሰች ጋደም አለች፤ ነጠላዋን አውልቃ ራስጌዋ ላይ አስቀመጠችው።

ታንተ በሩ ላይ ቆማ ነበር። «ሁለት ድንጋይ አግኝቻለሁ» አለችኝ። «ከባሕሩ ዳርቻ። ልክ የሱን የሚመስሉ። ግርጌው ጋ ያለውን ልሙላው ብዬ ነበር፣ እናትሽ ትፈቅዳለች? ጠይቂያት።»

ልጠይቃት ዞርኩ። እናቴ ሰምታለች።

«ኔይ» አለች።

ታንተ ደነገጠች። እናቴ ወደ ግድግዳው ሸሸት ብላ ለሰው የሚበቃ ቦታ ተወች፤ ፍራሹንም በመዳፏ መታ መታ አደረገችው። ታንተ ጫማዋን አውልቃ አጠገቧ ጋደም አለች። ሁለቱም ጣሪያውን ያዩ ነበር። እኔ የቫፈሉን ሣህን ላጥብ ወጣሁ፣ በሩን ገርበብ አደረግኩት።

ውኃውን ከመክፈቴ በፊት የእናቴ ድምፅ ተሰማኝ። በኖርሽክ ነበር። ቃል እየጠፋት፣ እየፈለገች፣ በሲከየም ኖርሽክ፣ ስለ አንድ ልጅና ከወንዝ ስለተሸከማቸው ድንጋዮች ትነግራታለች።